የቱ ጣትህ ነው የሚደነዝዘው?

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ እጅ ናቸው። «እጄ ይደነዝዛል»፣ «ክንዴን ይነዝረኛል»፣ «ዕቃ ከእጄ ያመልጠኛል»። ግን የቱ ጣት እንደሆነ የሚጽፍልኝ ሰው ጥቂት ነው። የእጅ ነርቭ ችግር ደግሞ ግማሽ ምርመራው ያለው እዚያው ላይ ነው፦ የቱ ጣት፣ በስንት ሰዓት፣ እጅህ ምን ሲሠራ። ዛሬ የመረጥኩት ጣታቸውን ቆጥረው የጻፉትን ነው። አንዱን ግን መልሼ ጠይቄ ነው ያወቅኩት።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ41 ዓመት ሴት ነኝ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከአምስት ወር ወዲህ ቀኝ እጄ ሌሊት ሌሊት እየደነዘዘ ይቀሰቅሰኛል። አውራ ጣቴን፣ ሌባ ጣቴንና የመሀል ጣቴን በመርፌ እንደሚወጋጋ ያደርገኛል። ተነስቼ ሳራግፈው ይለቀኛል። «የደም ዝውውር ነው» ተብዬ የቢ ቫይታሚን ክኒን ሦስት ጊዜ ገዝቼ ጨርሻለሁ፣ ለውጥ የለም። ምንድን ነው? ማን ጋስ ልሂድ?

መልስ፦ እህቴ፣ «ሳራግፈው ይለቀኛል» ያልሽው ብዙ ነገር ነገረኝ። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ሲያራግፉት የሚለቅና እነዚያን ሦስት ጣቶች የመረጠ መደንዘዝ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካርፓል ተነል የሚባለው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእጅ አንጓሽ ላይ፣ በመዳፍ በኩል፣ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ከሥሩ ትንንሽ አጥንቶች፣ ከላዩ ደግሞ እንደ ቀበቶ የተወጠረ ጠንካራ ጅማት። በዚያች ጠባብ ቦታ ጣት የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ ተጋፍተው ያልፋሉ። ነርቩ ሚዲያን ይባላል። ጅማቶቹ ዙሪያ ትንሽ እብጠት ሲኖር ከሁሉም ለስላሳው ነርቩ ስለሆነ እሱ ይጨፈለቃል። ሌሊት የሚብሰው ተኝተን ሳናውቀው አንጓችንን ስለምናጥፈው ነው፤ ሲታጠፍ መተላለፊያው ይበልጥ ይጠባል።

አንድ ነገር ቤትሽ ሆነሽ ሞክሪ። የቀለበት ጣትሽን ሁለቱንም ጎን ዳሺው። ወደ መሀል ጣት ያለው ጎን ደንዝዞ ወደ ትንሿ ጣት ያለው ደህና ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል፣ ምክንያቱም ያችን ጣት ሁለት ነርቮች ለሁለት ተካፍለዋታል። ለሐኪምሽም ይህንኑ ንገሪው፣ ደስ ይለዋል።

የደም ዝውውር ያሉሽን እርሺው። ደም ሲያጥር እጅ ይነጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ የልብ ምቱም ከአንጓ ላይ ይደክማል እንጂ ሦስት ጣት መርጦ፣ ሌሊት ጠብቆ አይመጣም። ክኒኑን በተመለከተ ግን ትንሽ ልቆጣ። የቢ12 እጥረት በእውነት ነርቭ ይጎዳል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከእግር ጣቶች ነው፣ በሁለቱም በኩል ነው፣ ደግሞም በደም ምርመራ ይለካል። ሳይለኩ መዋጥ ለምን? በዚያ ላይ ከእነዚህ ክኒኖች ብዙዎቹ ቢ6 በብዛት አለባቸው፤ ቢ6 በከፍተኛ መጠን ለወራት ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ያቃጥላል፣ ያደነዝዛል። ለነርቭ ብለሽ የምትውጪው ነርቭሽን ሲጎዳ አስቢው። አቁሚና ባዶ ካርቶኑን ለሐኪምሽ ውሰጂለት።

ማን ጋ ልሂድ ላልሽው፣ መጀመሪያ ጠቅላላ ሐኪም በቂ ነው። አንጓሽን አጥፎ አንድ ደቂቃ ያቆይሻል፣ መተላለፊያውን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፣ ጫን ብሎ ይይዛል፤ መደንዘዙ ከተቀሰቀሰ አንድ ማስረጃ ነው። ከአውራ ጣትሽ ሥር ያለው ሥጋ መሟሸሹንም ያያል። የስኳርና የታይሮይድ የደም ምርመራ ሊያዝልሽ ይችላል፣ ሁለቱም ለዚህ ችግር ያጋልጣሉ። እርግዝናም እንደዚሁ፤ የእርግዝናው ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ በራሱ ይሄዳል። ከዚያ ካስፈለገ ወደ ነርቭ ሐኪም ወይም እጅ ወደሚያክም የቀዶ ጥገና ሐኪም ይልክሻል።

ሕክምናው ከቀላሉ ይጀመራል። ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መደገፊያ፣ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት። በአንድ ሌሊት ለውጥ ጠብቀሽ እንዳትጥዪው። ደግሞ ስትገዢ ልብ በይ፦ ብዙዎቹ ውስጣቸው ያለው ብረት ወደ ላይ ጎበጥ ያለ ነው። አውጥተሽ ቀጥ አድርጊውና መልሰሽ ክተቺው፤ አንጓሽ ወደ ታችም ወደ ላይም ሳይታጠፍ መተኛት አለበት። ጠበቅ አድርገሽም አትሰሪው፣ ጠባብ ቦታ ላይ ሌላ ማጥበቂያ እንዳይሆን። ሥራሽን ተዪ አልልሽም፣ ግን መቀሱን በያዝሽ ቁጥር አንጓሽ ምን ያህል እንደታጠፈ እዪ፣ መሀል መሀል ላይም እረፊ። እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ለዚህኛው ብዙም አይፈይዱም።

መደገፊያው ካልሠራ ቀጣዩ እብጠት የሚቀንሰው የስቴሮይድ መርፌ ነው። ብዙ ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ ይቀለዋል፣ ወራትም ሊያቆይ ይችላል፣ ግን ተመልሶ መምጣቱ የተለመደ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከመርፌው በኋላ ለጥቂት ቀናት ስኳሩ ከፍ ስለሚል አስቀድሞ ይናገር። ኦፕራሲዮን ከዚያ በኋላ የሚታይ ነው፤ ጣቱ ቀኑን ሙሉ ከደነዘዘ ወይም ጉልበት ካጣ ግን ወረፋውን መዝለል አለበት።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ29 ዓመት ወንድ ነኝ። ከስድስት ወር ጀምሮ እጄ ይደነዝዛል፣ ብዙውን ጊዜ ቀኝ አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ። በኤሌክትሪክ የሚደረገውን የነርቭ ምርመራ ተደርጌ «ኖርማል ነው፣ ምንም የለብህም» ተባልኩ። እኔ ግን አለብኝ! አብጃለሁ እንዴ?

መልስ፦ አላበድክም ወንድሜ። ይህ ጥያቄ ከሁሉም የበለጠ ስለሚደርሰኝ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

የተደረገልህ ምርመራ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ቆዳህ ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ እየለቀቀ መልእክቱ በነርቩ ላይ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ የሚለካው ነው፤ ክንድ ላይ ጤነኛ ነርቭ በሰከንድ ከ50 ሜትር በላይ ይነዳል። ሁለተኛው ቀጭን መርፌ ጡንቻ ውስጥ አስገብቶ የጡንቻውን ድምፅ የሚያዳምጠው ኢኤምጂ ነው። ሁለቱም ትልልቅና ፈጣን የነርቭ ክሮችን ነው የሚያዩት። ሕመምና ሙቀት የሚያመላልሱትን ቀጫጭን ክሮች አያዩዋቸውም። ስለዚህ ሰው እየተቃጠለ ወረቀቱ «ኖርማል» ሊል ይችላል። ቀላል ደረጃ ላይ ያለ ካርፓል ተነልም አንዳንዴ በዚህ ምርመራ ያመልጣል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ነርቭ በተጎዳ በሳምንቱ መርፌውን ብታደርግ ብዙ ነገር አይታይም፤ ጡንቻው መለወጡን ለማሳየት ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። አንተ ስድስት ወር ስለሆነህ ይህ አይመለከትህም፣ ግን ሌላ አንባቢ ይጠቅመው ይሆናል።

አንተን የሚመለከትህ አንገትህ ነው። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ላይ የሚመጣ መደንዘዝ ከአንገት ከሚወጣው ስድስተኛው የነርቭ ሥር ሊነሳ ይችላል። ነርቩ እዚያ አንገት ላይ ሲጨፈለቅ፣ የስሜት ነርቭ ሕዋሱ ያለው ከተጨፈለቀበት ቦታ ወደ እጅ በኩል ስለሆነ እጅ ላይ የሚለካው የስሜት ፍጥነት ደህና ሆኖ ይቀራል። ምርመራው አልዋሸም፣ የተጠየቀው ሌላ ቦታ ነው። አንገትህን ቀና አድርገህ ወደ ቀኝ ስታዘነብል ወደ እጅህ የሚወርድ ነገር አለ? ስታስል፣ ስታስነጥስስ? እጅህን አናትህ ላይ ስትጭን ይቀልሃል? አዎ ካልክ ወደ ሐኪምህ ተመለስና አንገቴን እይልኝ በለው።

ምርመራውን ድጋሚ የምታደርግ ከሆነ ደግሞ እጅህን አሙቀህ ሂድ። የቀዘቀዘ እጅ የነርቩን ፍጥነት ያዘገያል፣ ጤነኛውን ሕመምተኛ ያስመስለዋል። ቅባት አትቀባ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ወይም የልብ መሣሪያ የተተከለልህ ከሆነ ቀድመህ ተናገር። ያማል ወይ ለምትሉኝ፦ ይነዝራል፣ መርፌውም ያበሳጫል፣ ግን የሚቻል ነው። አልትራሳውንድም ረስተን አንተወው። አንጓ ላይ ነርቩ ማበጡን በቀጥታ ያሳያል፣ አያምም፣ አይነዝርም።

ጥያቄ፦ ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ ግማሹ ከደነዘዘ ዓመት ሊሞላው ነው። አሁን ቁልፍ ማዞር እየከበደኝ ነው፣ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሀል ያለው ሥጋም ሰርጎድ ብሏል። ስልክ ሳወራ ይብስብኛል። ልታገሰው ወይስ?

መልስ፦ አትታገሰው! የስልክህ ነገር ቦታውን ይነግረናል፦ ክርንህ ታጥፎ ሲቆይ ነው የሚብስህ። ክርናችን ድንገት ጠርዝ ሲመታው እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝረን ነርቭ አለ አይደል? እሱ ነው፣ አልናር ይባላል። ክርን ሲታጠፍ ይወጠራል፣ ከተደገፍክበትም ይጨፈለቃል።

ገና መደንዘዝ ብቻ በነበረበት ጊዜ ቢሆን የምመክርህ ቀላል ነበር፦ ጠረጴዛ ላይ በክርንህ አትደገፍ፣ ስልክ በጆሮ ማዳመጫ አውራ፣ ሌሊት ክርንህ እንዳይታጠፍ ፎጣ ጠቅልለህበት ተኛ። እነዚህን አሁንም አድርግ። ግን ሥጋው ሰርጉዷል፣ ጉልበትም ቀንሷል፤ ይሄ ሌላ ምዕራፍ ነው።

ለምን እንደምቸኩል በቁጥር ላሳይህ። የተጎዳ ነርቭ መልሶ ሲያድግ በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ከክርንህ እስከ እጅህ ጡንቻ 30 ሴንቲሜትር ገደማ አለ። 300 ቀን፣ አሥር ወር ማለት ነው። ጡንቻው ደግሞ ያለ ነርቭ ለዘላለም አይጠብቅም፤ ከ12 እስከ 18 ወር ካለፈ ነርቩ ቢደርስም ተቀባይ ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ «ሲብስብኝ እሄዳለሁ» የሚለው ሒሳብ እዚህ ላይ አይሠራም።

አንድ ወረቀት በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ ጎን ይዘህ ሌላ ሰው ይሳብህ። ላለመልቀቅ የአውራ ጣትህ ጫፍ እጥፍ ካለ ጡንቻው ደክሟል፣ ሐኪሙም ይህንኑ ይሞክርሃል። በዚህ ሳምንት ነርቭ ሐኪም ወይም የእጅ ቀዶ ጥገና ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያዝ። ነርቩ ክርን ላይ ወፍሮ የሚዳሰስ ከሆነና ቆዳህ ላይ ስሜት የሌለው ነጣ ያለ ቦታ ካለ ደግሞ እሱንም ሳትደብቅ አሳየው፤ የሥጋ ደዌ ይህንን ነርቭ መርጦ ያጠቃል፣ በጊዜ ከተያዘም በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው።

ጥያቄ፦ ትናንት ወንበር ላይ ክንዴን በመደገፊያው ላይ ጥዬ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ስነቃ እጄ ከአንጓዬ ጀምሮ ዝልል ብሎ ወድቋል፣ ቀና ማድረግ አልቻልኩም። ስትሮክ ነው?

መልስ፦ ፊትህ ካልተጣመመ፣ ንግግርህ ካልተሳሰረ፣ እግርህ ካልደከመ፣ አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ከእነዚህ አንዱ ካለ ግን ይህንን ማንበብ ትተህ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። ደረት ላይ ጫና ኖሮ ወደ ግራ ክንድ የሚወርድ ሕመምም እንደዚያው ነው፣ እሱ የልብ ጉዳይ ነው።

ያንተ ራዲያል የሚባለው ነርቭ ይመስላል። የላይኛውን የክንድ አጥንት ከኋላ ተጠምጥሞ ስለሚወርድ ለሰዓታት ከተጫኑት ይዝላል። ሲዝል አንጓና ጣቶችን ቀና የሚያደርጉት ጡንቻዎች ሥራ ያቆማሉ። አብዛኛው ሰው ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ውስጥ ይመለስለታል። እስከዚያ አንጓህን ቀና አድርጎ የሚይዝ መደገፊያ አድርግ፣ ጣቶችህንም በሌላኛው እጅህ እያንቀሳቀስክ እንዳይደርቁ ጠብቃቸው። ሐኪም ይይህ፤ በሦስት ሳምንት ለውጥ ከሌለ የነርቭ ምርመራው ያኔ ነው የሚጠቅመው።

ጥያቄ፦ የአንገት ኤምአርአይ ተነስቼ «ዲስክ ወጥቷል» ተባልኩ። ከአንገቴ እስከ መሀል ጣቴ የሚያቃጥል ሕመም አለኝ፣ ሁለት ወር ሆነኝ፣ እየቀለለኝ ያለ ይመስለኛል። ኦፕራሲዮን ግድ ነው? ፕሪጋባሊንም ታዞልኛል፣ እፈራለሁ።

መልስ፦ (ጣቱን መልሼ የጠየቅኩት እርስዎን ነበር፣ አመሰግናለሁ።) እየቀለለዎት ከሆነ ብዙ ጊዜ ግድ አይደለም። ከአንገት የሚነሳ የነርቭ ሥር ሕመም አብዛኛው በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያለ ኦፕራሲዮን ይሻላል፤ የወጣውም ዲስክ፣ በአንገት አጥንቶች መሀል ያለው ትራስ ማለት ነው፣ በጊዜ ሊሰበሰብ ይችላል። ሌላው ደግሞ፣ ኤምአርአይ ላይ የታየ ነገር ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። ምንም ሕመም የሌለባቸው ሰዎች ተነስተውም ዲስካቸው ወጥቶ ይገኛል። ፎቶው ከጣትዎ ጋር መገጣጠም አለበት፤ የመሀል ጣት ብዙ ጊዜ የሰባተኛው ሥር ነው። ኤምአርአዩ ላይ የታየው ሌላ ቦታ ከሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁት።

ፕሪጋባሊን ነርቩን አይጠግንም፣ የሚያቃጥለውን ድምፅ ይቀንሳል እንጂ። እንቅልፍ ያመጣል፣ ያዞራል፣ ስለዚህ በትንሹ ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል፣ እስኪለምዱት ድረስ መኪና አይንዱ። ሲያቆሙትም በአንድ ጊዜ አይደለም። ኩላሊትዎ ችግር ካለበት መጠኑ ስለሚቀነስ ለሐኪምዎ ይንገሩት።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁልኝ። ሁለቱም እጆችዎ ቁልፍ መቆለፍ፣ መጻፍ አልታዘዝ ካሉ፣ እግርዎ ከከበደ ወይም ከተንገዳገዱ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተዎት፣ ይህ የነርቭ ሥር ሳይሆን የአከርካሪው ዋና ገመድ መጨፍለቅ ሊሆን ይችላል። ቀጠሮ የሚጠብቅ ነገር አይደለም። አንገትዎን ማንም በኃይል እንዲያጣምምልዎትም አይፍቀዱ።

ጥያቄ፦ ስለ እናቴ ነው የምጽፈው። 63 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት። ለዓመታት ሁለቱም እጆቿ ሌሊት ሌሊት እየደነዘዙ ያሰቃዩዋት ነበር። ካርፓል ተነል ተብላ ኦፕራሲዮን ታዘዘላት፣ እምቢ አለች። አሁን ሕመሙ ጠፍቷል፣ «አየሽ፣ በራሱ ዳነ» ትለኛለች። ግን ሳንቲም ከኪሷ ማውጣት አትችልም፣ ብርጭቆም ይወድቅባታል። የምትፈራው «ነርቤን ይቆርጡታል» ብላ ነው። ምን ልበላት?

መልስ፦ እናትሽ አልዳነችም። ይህን በለዘበ ቋንቋ የምትነግሪበትን መንገድ አንቺ ታውቂዋለሽ። ነርቭ ሲናደድ ይጮኻል፣ ሲሞት ዝም ይላል። ሕመሙ ጠፍቶ ጣቱ ካልዳሰሰና ከወደቀበት ካላነሳ፣ ዝምታው የሁለተኛው ዓይነት ነው። የአውራ ጣቷን ሥር ከራስሽ እጅ ጋር አስተያዪው፤ የእሷ ጠፍጣፋ ከሆነ ጡንቻው ሄዷል።

ስለ ፍርሃቷ ይህን ንገሪያት። የሚቆረጠው ነርቩ አይደለም፣ ከላዩ ያጠበበው ጅማት ነው። ጠባብ ቀበቶ እንደመፍታት ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ እጇ ብቻ ደንዝዞ፣ ነቅታ እያወራች ይሠራል፣ በዚያው ቀንም ቤቷ ትገባለች። ጣቶቿን ከዚያው ቀን ጀምሮ ታንቀሳቅሳለች። ስፌቱ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ይወጣል። መዳፏ ሥር ላይ ስትጫነው የሚያም ነገር ለጥቂት ወራት ሊቆይ ይችላል፣ ይህ የተለመደ ስለሆነ እንዳትደነግጥ። የመጨበጥ ጉልበቷም ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይወስድበታል። ኢንፌክሽን ወይም የነርቭ ጉዳት አይደርስም አልልሽም፤ ይደርሳል፣ ግን ብዙ ጊዜ አይደለም። ስኳሯ ከዚያ በፊት መስተካከል አለበት፣ ቁስሉ የሚድነው በእሱ ነው።

ምን እንደሚመለስላት ሐኪሟ በግልጽ ይንገራት። ቀደም ብላ ብትሄድ ኖሮ የሌሊቱ መንቃት በቀናት ይጠፋ ነበር። አሁን ኦፕራሲዮኑ በዋናነት የቀረውን ለማዳን ነው፣ መደንዘዙ በወራት ሊሻሻል ይችላል፣ የሟሸሸው ጡንቻ ግን ላይመለስ ይችላል። ስኳር ራሱም ነርቭ ስለሚጎዳ የነርቭ ምርመራው የትኛው ከአንጓ፣ የትኛው ከስኳር እንደሆነ ለመለየት ይረዳል። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ከሆነም ቢ12ዋን አስለኪ፣ መድኃኒቱ በረጅም ጊዜ ሊቀንሰው ይችላል። እዚህ ላይ እጥረቱ ተለክቶ ከተገኘባት ቫይታሚኑ በእርግጥ ይሰጣል።

ሁለቱንም እጅ በአንድ ቀን ከማሠራት በፊት ግን ቤት ውስጥ ማን እንደሚያግዛት አስቡ። ሁለት እጇ ታሽጎ ቀሚሷን የሚቆልፍላት፣ ሽንት ቤት የሚያግዛት ሰው ያስፈልጋታል፣ እሷ ደግሞ ከደብዳቤሽ እንደገባኝ እርዳታ የምትወድ ሴት አይደለችም። በጣም የባሰውን እጅ ቀድማ ታሠራ፣ ሁለተኛውን የመጀመሪያው ብርጭቆ መያዝ ሲጀምር።